ከሊቨርፑል እስከ ሪያድ፦ አንድ መድኃኒት ለሁሉ እኩል የማይሠራበትን ምክንያት የመረመሩት ሐኪም

በዳማም፣ በአል-ኾባርም ሆነ በዳህራን ሌሊቱ እስኪገፋ መብራታቸው ከማይጠፋ ቤቶች አንዱ መድኃኒት ቤት ነው። ከመስኮቱ ፊት የሚቆሙት ሰዎች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ከሥራ የወጣ የግንባታ ሠራተኛ፣ የአሠሪዎቿን ሕፃን የታቀፈች የቤት ሠራተኛ፣ ፊሊፒናዊት ነርስ፣ ከአል-አሕሳ የመጡ አዛውንት። ከመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ የሚወጣው ወረቀት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ለአዋቂ ሰው አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ወረቀቱ የዋጪውን ዕድሜ፣ አንዳንዴም ክብደቱን ይጠይቃል፤ ከማን እንደ ተወለደ ግን አይጠይቅም።

ይህን ያልተጠየቀ ጥያቄ ሲጠይቁ ከኖሩት ሳይንቲስቶች አንዱ ብሪታንያዊው ሐኪምና የመድኃኒት ሳይንስ (ፋርማኮሎጂ) ተመራማሪ ዴቪድ ፕራይስ ኢቫንስ ናቸው። ሥራቸው የጀመረው በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል ነው። የኋለኛውን የሥራ ዘመናቸውን ግን ያሳለፉት እዚሁ በሳውዲ ዐረቢያ፣ በሪያድ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። በዚያ የሠሩት ጥናት በስዊድን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ቀይ ባሕር የሚለያቸውን ሁለት ሕዝቦች የሚያመሳስል ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ነገሩ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት የቆመውን ሐበሻም በቀጥታ ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢራቢሮ አርቢው ሐኪምና ተማሪያቸው

ሊቨርፑል ሲባል ለብዙው አንባቢ ፈጥኖ የሚታወሰው እግር ኳስ ነው። በ1950ዎቹ ግን በዚያች ከተማ አንድ እንግዳ የሆነ የሕክምና ክፍል ነበር። የክፍሉ ዋና ሰው ሲረል ክላርክ ሐኪም ሆነው ሳለ ትርፍ ጊዜያቸውን ቢራቢሮ በማርባት ያሳልፉ ነበር። የክንፋቸው ቀለም የተለያየ ቢራቢሮዎችን እያዳቀሉ ቀለሙ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ይመዘግባሉ። ከዚሁ ልማድ ተነሥተው የሰውንም በሽታ በዘር ውርስ ዐይን መመልከት ጀመሩ። የእናትና የፅንስ ደም ባለመጣጣም (አርኤች) የሚሞቱ ሕፃናትን የሚያድነው መርፌ ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ የእርሳቸው ክፍል ነው።

ወጣቱ ፕራይስ ኢቫንስ ያደጉት በዚህ መንፈስ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ዘረመል ትምህርት መሥራች ከሚባሉት ከቪክቶር መኩሲክ ጋር ሠሩ። የያዙት መድኃኒት አይሶናያዚድ ነበር። አይሶናያዚድ በ1952 ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የዋለ፣ ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚታደል ክኒን ነው። ሐኪሞች አስቀድመው ያስተዋሉት አንድ ነገር ነበር፤ ተመሳሳይ መጠን ከሚወስዱ ሕመምተኞች መካከል አንዳንዱ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፣ ውስጥ እግሩ ይቃጠላል፤ ሌላው ምንም አይለው። የደነዘዙት ሰዎች ደም ሲታይ መድኃኒቱ ሳይወጣ ተከማችቶ ይገኛል።

ጉበት ባዕድ ነገርን ከሰውነት ለማስወጣት ልዩ ልዩ ኢንዛይሞችን ይጠቀማል። ኢንዛይም ማለት አንድን ኬሚካል ወደ ሌላ የሚለውጥ የሰውነት ባለሙያ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በአይሶናያዚድ ላይ የተመደበው ባለሙያ በመድኃኒቱ ላይ ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ ይለጥፍበትና ለመውጣት ያዘጋጀዋል። የፕራይስ ኢቫንስ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ የዚህ ባለሙያ ፍጥነት በቤተሰብ ይወረሳልን?

መልሱን ለማግኘት ከሕመምተኞች ይልቅ ቤተሰቦችን ፈለጉ። ከ53 ቤተሰቦች የተውጣጡ 267 ሰዎች፣ እናትና አባት ከነልጆቻቸው፣ በክብደታቸው ልክ የተመጠነውን አይሶናያዚድ ዋጡ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደማቸው ተቀዳ። ውጤቱ በወረቀት ላይ ሲሣል እንደ ብዙው የሰውነት ልኬት መካከሉ ላይ አንድ ጉብታ አልሠራም፤ ሁለት ጉብታ ሠራ። የዐረቢያ ግመል ባለ አንድ ሻኛ ናት፤ የፕራይስ ኢቫንስ ሥዕል ግን ባለ ሁለት ሻኛዋን የእስያ ግመል መሰለ። በአንዱ ሻኛ ሥር ፈጣኖቹ፣ በሌላው ሥር ዝግተኞቹ ተሰበሰቡ። ሁለት ዝግተኛ ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች ዝግተኞች ሆኑ፤ ዝግተኝነቱ የሚገለጠውም ከእናትም ከአባትም ሲወረስ እንደ ሆነ ታወቀ። ጥናቱ በ1960 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ፋርማኮጄኔቲክስ የሚባለው፣ መድኃኒትንና የዘር ውርስን አጣምሮ የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍም ከመሠረት ድንጋዮቹ አንዱን አገኘ።

የዝግተኞቹ ቁጥር ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በጃፓን ከመቶ ዐሥር ያህል ብቻ ናቸው፤ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ግን ከግማሽ ይበልጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ከአይሶናያዚድ ጋር ቫይታሚን ቢ6 የሚታዘዝለት ለዚሁ የመደንዘዝ ችግር መከላከያ ነው። ክኒኑ «ትርፍ ቫይታሚን» እየመሰላቸው የሚተዉት ሰዎች አይጠፉም፤ ሊተዉት ግን አይገባም።

ራሱ ላይ የሞከረው ፕሮፌሰር

ታሪኩ ወደ ሪያድ ከመሻገሩ በፊት በለንደን ማለፍ አለበት። በ1975 በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ማለትም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ባገኙበት ግቢ፣ ፕሮፌሰር ሮበርት ስሚዝ የተባሉ የፋርማኮሎጂ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ደብሪሶኪን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ዋጡ። የዚያ ዘመን ተመራማሪዎች መድኃኒትን በራሳቸው ላይ መሞከራቸው የተለመደ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ስሚዝ ግን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን አዞራቸው፤ መቆም አቃታቸው። የደም ግፊታቸው ሲለካ 70 በ50 ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚውን ረስቶ ያልፈው ነበር። ስሚዝና ጓዶቻቸው ግን የሁሉንም ሽንት መረመሩ። የሌሎቹ ሰውነት መድኃኒቱን ወደ ሌላ ኬሚካል ለውጦ አስወጥቶታል፤ የስሚዝ ሰውነት ግን መድኃኒቱን ሳይነካው እንዳለ ይዞት ቆይቷል። ከዚያ በኋላ 94 በጎ ፈቃደኞችን መረመሩ፤ ቤተሰቦችንም ጨመሩ፤ በ1977 ውጤቱን ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡ። የስሚዝ ችግር የራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ከብሪታንያውያን መካከል ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥር የሚሆኑት እንደ እርሳቸው ይህን መድኃኒት መለወጥ የማይችሉ ናቸው። በዚያው ዘመን በጀርመን ሚሼል አይሸልባውም በሌላ መድኃኒት ተመሳሳይ ነገር ደርሰውበት ነበር።

የጎደለው ባለሙያ በኋላ ስም ወጣለት፤ ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ስሙ ለጆሮ አይመችም፤ ሥራው ግን ሰፊ ነው። ለድብርት፣ ለልብ፣ ለጡት ካንሰርና ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዙ ብዙ መድኃኒቶች በእርሱ እጅ ያልፋሉ። በሰው 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዘረመሉም በ1988 ተለይቶ ታወቀ።

የሳውዲዎች ነገር በዚህ ምዕራፍ ገና በጠዋቱ መግባቱ ደስ ይላል። ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በ1980 ያወጡት ጥናት በሳውዲ ዐረቦች መካከል መድኃኒቱን መለወጥ የማይችሉት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ። ለአውሮፓውያን የተሠራው ስሌት ለዐረቦች እንደማይሆን የጠቆመ የመጀመሪያ ምልክት ነበር።

ምሥራቁ ክፍል የራሱ ታሪክ አለው

ፕራይስ ኢቫንስ በ1970ዎቹ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰርና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያን ወንበር ትተው ወደ ሪያድ መጡ፤ በጦር ኃይሎች ሆስፒታልም የውስጥ ደዌ ሕክምናን መሩ። የብሪታንያ ፕሮፌሰሮች ጡረታ ሲቃረብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለደመወዝ ብቻ ይመጣሉ የሚል ሐሜት በዚያ ዘመን ነበር። በእርሳቸው ላይ ይህ አይሠራም፤ ከምርምር ሥራቸው ጥቂት የማይባለው የተሠራው በሪያድ ነውና።

ሲመጡ ደግሞ ባዶ መሬት አልጠበቃቸውም። ዳህራን በሚገኘው የአራምኮ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ አርማንድ ጌልፒ በ1965 ስለ ምሥራቁ ክፍል ነዋሪዎች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። በአል-ቀጢፍና በአል-አሕሳ የተምር ዐፀዶች ከጥንት ጀምሮ ወባ ሲፈራረቅባቸው ኖሯል፤ በዚያው ልክ በነዋሪዎቹ ደም ውስጥ ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም ጉድለት በብዛት ይገኛል። ጉድለቱ ያለበት ሰው ዘወትር ጤነኛ ነው። ነገር ግን ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ወይም አንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶችን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሶቹ በድንገት ይፈርሳሉ፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ዐይኑ ቢጫ ይሆናል። ባቄላም በአንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለቁርስ የሚቀርበው ፉል በሁሉም ቤት አይገኝም።

ይህን ማወቅ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ሕፃናትን ለሚንከባከቡ ወገኖች ነው። ልብስ ብል እንዳይበላው በቁም ሣጥን የሚቀመጠው ነጭ የናፍታሊን ድቡልቡል ጂ6ፒዲ የጎደለውን ሕፃን ደም የማፍረስ ኃይል አለው። በናፍታሊን ተይዞ የከረመን የሕፃን ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሳያጥቡና ሳያናፍሱ ማልበስ አደጋ ነው። አሠሪዎች «ለልጁ ባቄላ አትስጪው» ሲሉ ቅንጦት የሚመስላት ሠራተኛ ብትኖር፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባታል።

የሳል መድኃኒትና የአንድ ሌሊት ሽንት

ፕራይስ ኢቫንስ በሪያድ የመረጡት ዘዴ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ደብሪሶኪን በየአገሩ ስለማይገኝ በእርሱ ምትክ በተራ የሳል መድኃኒት ውስጥ ያለውን ዴክስትሮሜቶርፋን ተጠቀሙ። በጎ ፈቃደኛው ማታ ሲተኛ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ሌሊቱን የሸናውን ሁሉ በዕቃ አጠራቅሞ ጠዋት ያመጣል። ሽንቱ ውስጥ ካልተለወጠው መድኃኒት ጋር የተለወጠው ሲመዛዘን የሰውየው ሲዋይፒ 2ዲ6 ፍጥነት ይታወቃል። ሁለተኛውን ኢንዛይም፣ ሲዋይፒ 2ሲ19ን፣ ደግሞ በሌላ መድኃኒት ፈተሹ።

በ1995 በወጣው ጥናታቸው ሳውዲዎችን ከፊሊፒናውያን ጋር አነጻጸሩ። ምርጫው ራሱ የሆስፒታሉን ገጽታ ያስታውሳል፤ በመንግሥቱ ሆስፒታሎች ውስጥ ከሳውዲው ቀጥሎ የሚታየው ፊሊፒናዊው አይደለምን? በሲዋይፒ 2ዲ6 በኩል ከሳውዲዎቹ መካከል ዝግተኞቹ በጣም ጥቂት ሆኑ። በሲዋይፒ 2ሲ19 በኩል ግን ፊሊፒናውያኑ ከሳውዲዎቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የዝግተኞች ቁጥር አሳዩ። ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን የሚያስወግድ፣ ለልብ ሕመምተኞች የሚታዘዘውን ክሎፒዶግሬልን ደግሞ ሥራ የሚያስጀምር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሐኪም ዘንድ የሚታከሙ፣ አንድ ክኒን የሚወስዱ፣ ከክኒኑ የሚያገኙት ግን የተለያየ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ዕውቀት በ1993 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በታተመው ትልቅ መጽሐፋቸው ውስጥ ሰብስበውታል። መጽሐፉ የዘር ውርስ በመድኃኒት ሕክምና ላይ ስላለው ሚና የሚናገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ግኝት ግን ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ።

የተባዛው ዘረመል

እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተመራማሪዎች ያሳሰባቸው ኢንዛይሙ የጎደለው ሰው ነበር። በስዊድን፣ በካሮሊንስካ ተቋም፣ ሌይፍ ቤርቲልሶን የተባሉ ፋርማኮሎጂስት በ1985 የተገላቢጦሹን ዘገቡ። ለድብርት የሚሰጠውን መድኃኒት ከተለመደው መጠን እጅግ አብልጣ ካልወሰደች ምንም የማይሠራላት ሕመምተኛ ነበረች። ሰውነቷ መድኃኒቱን ገና ሳይጠቅማት ያስወግደዋል። በዚያው ተቋም ማግኑስ ኢንገልማን-ሱንድበርግና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን በ1993 አሳዩ፤ ሰው ከእናቱ አንድ ከአባቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት የሲዋይፒ 2ዲ6 ዘረመል ሊኖረው ሲገባ አንዳንዱ ሦስት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይዞ ይወለዳል። በአንድ የስዊድን ቤተሰብ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የተባዛ ተገኝቷል። በስዊድን እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመቶ አንድ ሁለት ናቸው።

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ኢሌኒ አክሊሉ በዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ የ122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ዘረመል መረመሩ። በ1996 የወጣው ውጤት አንባቢዎቹን ያስደነቀ ነበር፤ ከኢትዮጵያውያኑ 29 በመቶው የተባዛ ዘረመል ተሸካሚዎች ሆነው ተገኙ። በዓመቱ፣ በ1997፣ ከዚያው የስዊድን ቤተ ሙከራ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ከደራሲዎቹ አንዱ ከሪያድ የተሳተፉት ፕራይስ ኢቫንስ ነበሩ። ከሳውዲዎቹ መካከል 20 በመቶ ያህሉ የተባዛውን ዘረመል ይዘዋል። ከሰሜን አውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ኢትዮጵያና ዐረቢያ ጎን ለጎን ቆሙ። ለዘመናት በንግድ፣ በስደትና በጋብቻ የተሳሰሩት የቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች በጉበታቸውም ውስጥ ዝምድናቸውን ደብቀው ኖረዋል።

ለምን እንደ ተባዛ በእርግጥ የተረጋገጠ ነገር የለም። ኢንገልማን-ሱንድበርግ ያቀረቡት ግምት ከረኀብ ጋር የተያያዘ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ምግብ ሲጠፋ ሰው መራራና መርዛማነት ያላቸውን ዕፅዋት ለመብላት ተገደደ፤ ይህ ኢንዛይም የዕፅዋትን መርዝ የማስወገድ ችሎታ ስላለው አብዝቶ የያዘው ሰው የተሻለ በሕይወት ቆየ፤ ልጆችም ወለደ። ግምቱ አሳማኝ ነው፤ ግምትነቱ ግን አይረሳ።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 29 በመቶ ማለት ከመቶ ኢትዮጵያውያን ሰባ አንዱ እንዲህ አይደሉም ማለት ነው። ሐበሻ በመሆኑ ብቻ ሰውነቱ መድኃኒትን ፈጥኖ ይለውጣል ተብሎ በማንም ላይ አይፈረድም። ጥናቱ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ መካከል ምን ያህል ሰው እንዳለ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው ሲመረመር ነው።

ኮዴይን

ይህ ዕውቀት ከመጽሔት ወጥቶ ወደ ቤት የገባው በኮዴይን በኩል ነው። ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል በዓለም ዙሪያ ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ራሱ ግን ደካማ ነው፤ ኃይል የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። እንደ ፕሮፌሰር ስሚዝ ኢንዛይሙ የጎደለው ሰው ኮዴይን ቢውጥ ሕመሙ አይታገሥለትም። ዘረመሉ የተባዛለት ሰው ደግሞ በተለመደው መጠን ከታሰበው በላይ ሞርፊን በደሙ ውስጥ ያገኛል፤ ይደነዝዛል፤ ይተኛል፤ ሲብስም ትንፋሹ ይዘገያል። በተለይ ለሕፃን ይህ ሞት ሊሆን ይችላል።

ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን የወሰዱ ልጆች መሞታቸው ከተዘገበ በኋላ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አሳሰበ፤ ማስጠንቀቂያው ትራማዶልንም ይጨምራል። አውሮፓም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በ2013 ተመሳሳይ ውሳኔ ወስዳለች። ኢትዮጵያ ከሁሉም ራቅ ብላ ሄደች፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደ። የእገዳው መነሻ ከላይ የተነገረው የዘረመል ብዛት ነው። አንድ ሀገር የሕዝቡን ዘረመል አይቶ መድኃኒት ሲከለክል በአፍሪካ እምብዛም ያልታየ ነገር ነበር።

ይህ ለሳውዲው ምሥራቅ ክፍል ኢትዮጵያውያን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የጤና ነው። ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል በሐኪም ቢታዘዝላቸው፣ በተለይ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከዚህ ቀደም በትንሽ መጠን ከባድ እንቅልፍ ወይም የትንፋሽ መክበድ አጋጥሟቸው ከሆነ ለሐኪሙ መናገር ይገባቸዋል፤ «ይህ መድኃኒት አይሠራልኝም» ማለትም እንዲሁ ጠቃሚ መረጃ እንጂ ማማረር አይደለም። ከጓደኛ ላይ የተረፈ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ለሰጪው የጠቀመው መጠን ለተቀባዩ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው የሕግ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች በሳውዲ ዐረቢያ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ከውጭ ይዞ የሚገባ መንገደኛ የሐኪም ማዘዣና የሕክምና ማስረጃ ሊኖረው፣ ከጉዞው በፊትም ከሳውዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለሌላ ሰው አድርስልኝ የተባለ የመድኃኒት ጥቅል በሻንጣ ውስጥ ማስገባት ብዙ ሰው ያላሰበው ችግር ውስጥ ጥሎታል።

በስደት የሚለወጥ ጉበት

ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ2002 ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በተለይ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ወስደው አነጻጸሩ። ዘረመላቸው አንድ ዓይነት የሆኑት እንኳ በሲዋይፒ 2ዲ6 ሥራ ይለያዩ ነበር፤ በአገር ቤት ያሉት መድኃኒቱን የሚለውጡት ከስደተኞቹ ቀስ ብለው ነው። ዘረመሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው። ምግቡ ይሁን፣ ቅመሙ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ ከአገር ቤት ኑሮ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ኢንዛይሙን ገታ ያደርገዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከደሴ ወይም ከጎንደር ተነሥቶ ዳማም የሚኖር ሰው በአገሩ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት እዚህ ሲወስድ ሌላ ስሜት ቢሰማው «ሐሰተኛ መድኃኒት ነው» ብሎ ለመደምደም መቸኮል የለበትም። የመድኃኒቱ ስም ሲለያይ፣ አመጋገቡ ሲለወጥ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲደራረብም ውጤቱ ይለያያል። ቀድሞ ይወስድ የነበረውን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፎ ወይም ሣጥኑን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሙ ማሳየት ከሁሉ የሚቀል ዘዴ ነው። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ በአንድ የንግድ ስም፣ በሳውዲ በሌላ የንግድ ስም ሊሸጥ ይችላል፤ በሣጥኑ ላይ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈው የመድኃኒቱ ዋና ስም ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ሳውዲ ዐረቢያ በ2013 የሕዝቧን ዘረመል የሚያጠና አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምራለች። ፕራይስ ኢቫንስ ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመ ሽንት እስኪመጣላቸው ጠዋት ጠዋት ይጠብቁ የነበረበት ምርመራ ዛሬ ከጥቂት ደም ወይም ከምራቅ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከተሠራም ሰውየው የትም ሀገር ቢሄድ፣ ስንት ዓመት ቢኖር፣ የዘረመሉ ውጤት ያው ነው። በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች የካንሰርና የልብ ሐኪሞች ውጤቱን አይተው መድኃኒት ይመርጣሉ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚሰጠው ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠይቀው ዕድሜና ክብደት ነው።